ከግድግዳው የቀደመ በር

አያ ደርበው ማረፋቸውን የሰማሁት አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ስለ ራሴ ሳወራ ነው። ስለ ራሴ ማውራት እወዳለሁ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይሄን ያውቅልኛል። አዲስ ለመጣ ወጣት መሐንዲስ፣ "ደብረ ታቦር ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ግንብ ካየህ፣ ወይ የኔ ነው፣ ወይ የኔን አይቶ የተሠራ ነው" እያልኩት ነበር። ትርንጎ ከታች ጮኸች። ትርንጎ ባሬላ የምትሸከም፣ ምላሷ ከዲጂኖ የሚሰላ ሴት ናት።

"ሞላ! ውረድ!"

"ምን ሆንሽ? ባሬላው ወለደ?"

"አያ ደርበው አረፉ።"

ቀልድ ፍለጋ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። እኔ እኮ አባቴ ሲሞት እንኳ ለቀስተኛውን ያሳቅሁ ሰው ነኝ! መሐንዲሱ "ማን ናቸው?" አለኝ። የቀን ሠራተኛ ናቸው ልለው ነበር፤ አፌ እምቢ አለ። ገበሬ ናቸው ልል አልኩ፤ መሬት የሌለው ገበሬ ምን ይባላል? ወረድኩ።

እኔን ደግሞ እወቁኝ፤ ምስክሩ ሳይታወቅ ምስክርነቱ አይሰማም። ትምህርት ቤት የገባሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ግድግዳውን ልገነባ። ፊደል የለየሁት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ዛሬ ግን ፕላን ሲዘረጉልኝ እንደ ዳዊት እወጣዋለሁ፤ ስህተት ካለውም መሐንዲሱን ሳላሳፍር፣ ማለቴ ብዙ ሳላሳፍር፣ እነግረዋለሁ። ግንበኛ ነኝ፤ ፎርማንም ነኝ። ሰው የምቀጥረውም እኔ ነኝ።

ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ የቀን ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት የሚቆምበት ጥግ አለ። በግ የሚሸጥበት በግ ተራ፣ እንጨት የሚሸጥበት እንጨት ተራ ይባል የለ? ያንን ጥግ ሰው ተራ እንለዋለን። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያወጣሁ ሰሞን ሰዉን ሁሉ በሳቅ ገድዬዋለሁ። ጠዋት ስደርስ የጉና ብርድ ያደረቀው ሰው ሁሉ ይከበኛል፤ "እኔን! እኔን!" ይላል፤ ክንዱን ያሳየኛል። እኔም እንደ በግ ነጋዴ ጀርባ ጀርባውን መታ መታ አድርጌ እመርጣለሁ። ደግሞ ይስቃሉ። ምን ያድርጉ? ያልሳቀ አይመረጥም።

አንድ ቀን በዚህ መሀል አንድ ሽማግሌ መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፤ ዶማቸውን እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ ጥለዋል። እንደ ሌላው አልተጋፉም። እያንዳንዳችንን በዓይናቸው ሰላም ካሉ በኋላ፣

"እንደምን አደራችሁ? ባለ ደቦው ማን ነው?" አሉ።

ሰው ተራ በሳቅ ፈረሰ። ትርንጎ "አያ፣ እዚህ ባለ ደቦው ሲሚንቶ ነው" አለቻቸው።

እሳቸው አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረው "ጠላው ተጠምቋል?" አሉኝ፤ ከልባቸው ነው።

"ጠላ የለም አያ። ማታ ክፍያ ነው።"

"ይሁን። የሚያወርድ ማን ነው? ዘፈኑን?"

"አይዘፈንም።"

"ሳይዘፈን እንዴት ይቆፈራል?" አሉና ለምስክር ይመስል ሰዉን ዞረው አዩ።

ለመሳቂያ ብዬ ወሰድኳቸው። እውነቱን ልናገር፣ ለመሳቂያ ነው።

ሥራው የመሠረት ቁፋሮ ነበር፤ ለሃያ ሰው የሦስት ቀን ሥራ። የቀን ሠራተኛ ጥበቡ ምንድን ነው? ሥራውን ማስታመም ነው። አንድ ዶማ ታሳርፋለህ፣ ሰማይ ታያለህ። ውኃ ትጠጣለህ። የጠጣኸውን ውኃ ልትሸና ትሄዳለህ። ፎርማን ሲመጣ ታፋጥናለህ። የምትበላው ሥራው እስካለ ድረስ ነዋ! ይሄን እኔም አውቃለሁ፤ ሠራተኛውም እንደማውቅ ያውቃል፤ ተዛዝለን እንኖራለን። አያ ደርበው ይሄን ማን ይንገራቸው? ሰዉን እንደ ገብስ አጫጅ በመስመር አሰለፉት። ጠንካራውን ከደካማው ጎን አቆሙት። ከዚያ ዶማቸውን አነሱና አወረዱ፦

ደቦ የበላ ሰው ደቦ ይመልሳል፣
ባይመልስም እንኳን መሬት ታስታውሳል።

መጀመሪያ ሰዉ በሹፈት ነበር የተቀበላቸው። ከዚያ ሹፈቱ ጠፋ፤ ድምፁ ቀረ። ይሄ ሰው ተራ የቆመ ሕዝብ ትናንት ከገጠር የወጣ እኮ ነው፤ ክንዱ አልረሳም። አሥር ሰዓት ሳይሆን መሠረቱ አለቀ፤ የሦስት ቀኑ ሥራ። ኮንትራክተሩ መጣ፣ አየ፣ ደስ አለው፣ እንደ ደስታውም ሁሉንም አሰናበተ። "ነገ አትምጡ" አለ።

ትርንጎ ዶማዋን ወረወረች። "አያ፣ የቆፈሩት መሠረት አይደለም፤ የነገና የከነገ ወዲያ እንጀራችንን ነው!"

አያ ደርበው ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ቆሙ። ፊታቸው ሠርግ ቤት ሄዶ ልቅሶ እንደ ጠበቀው ሰው ነበር።

"ሥራ አለቀ ብሎ የሚያዝን ሰው፣" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ዛሬ ማየቴ ነው። ምነው፣ ሥራ ሲያልቅ ደስ አይልም እንዴ?"

መልስ ማጣት አልወድምና "እዚህ ከተማ ነው አያ፤ ከተማ ሲመጡ ይማራሉ" አልኳቸው።

"እኔ ከተማ አልመጣሁም" አሉ። "ከተማ ነው የመጣብኝ።"

እውነታቸውን ነው። መሬታቸው በጋፋት መሄጃ ዳር ነበር፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ደህና መሬት። ከተማው ሲሰፋ ካርታ የያዙ ሰዎች መጡ፤ ችካል ተከሉ፤ ካሳ ሰጡ። አያ ደርበው "መሬትን አርሰዋለሁ፤ ብርን በምን አርሳለሁ?" ይሉ ነበር። ብሩ ሳይታረስ በነነ። ልጆቻቸው ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ተበተኑ። እሳቸውና ባለቤታቸው እታለም ዘውዴ አንድ ክፍል ተከራዩ፤ በጓሮ በኩል፣ በሰው በር ተገብቶ በሰው በር የሚወጣበት። ለቤት መሥሪያ ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል ተብሎ ስማቸው ተጽፏል፤ ቢሮ ሲሄዱ "ሰኞ ይምጡ" ይባላሉ። የየትኛው ሳምንት ሰኞ እንደሆነ ነው ያልተነገራቸው።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ "አያ፣ ቦታው ሲሰጥዎ ጂ ፕላስ ስንት ነው የምንሠራልዎ?" ብዬ ቀለድኩባቸው።

"እኔ ፎቅ አልመኝም ሞላ" አሉኝ። "ሬሳዬ ከሰው ደጅ እንዳይወጣ ብቻ ነው። ደጅ ያለው ሰው ሁኜ ልሙት።"

ይሄን ጉዳይ ስንት ጊዜ ነግረውኛል! ሌላ ምኞት ሰምቼባቸው አላውቅም።

ዘፈናቸውን ግን አልተዉም። ሰዉ አስቀድሞ "አያ፣ ዛሬ ቀስ ያለውን ዘፈን" ይላቸዋል፤ እሺ ይላሉ፤ ይጀምራሉ፤ ክንዳቸው ይሞቅና ይረሱታል። የሚገርመው፣ ሰው ተራ ያለ ሰው ሁሉ እየተራገማቸው ወደዳቸው። የትርንጎ ቤት በዝናብ የተደረመሰ ጊዜ ማንም ሳይጠራቸው ዶማቸውን ይዘው ሄዱ፤ ጭቃውን አቡክተው፣ ግድግዳውን መርገው፣ ውኃ ጠጥተው ተመለሱ። እኔ የራሴን ቤት ስሠራ የጎርፍ መሄጃውን የቆፈሩልኝ እሳቸው ናቸው። ልከፍላቸው ስል እጄን ያዙኝ። "ደቦ ነው። ተራዬ ሲደርስ ትመጣለህ።" በሰው ተራ እንዲህ ያልሠሩለት ሰው የለም።

ከዚያ ሆቴሉ መጣ። አምስት ፎቅ ነው፤ ፎርማኑ እኔ ነኝ። ለቁፋሮ ሰው ይዤ ስሄድ አያ ደርበው ከበሩ ላይ ቆም አሉ። ሄዱና መሀሉን ሲቆፍሩ ዶማቸው ድንጋይ መታ። ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው ጠረጉለት።

"ይቺን አውቃታለሁ" አሉ። "ሁለት ማረሻ ሰብራብኛለች።"

መሬታቸው ነበር። እኛ ሃያ ሰዎች ከገብስ ማሳቸው መሀል ቆመናል። የሆቴሉ ባለቤት ወኪል፣ ደህና ሰው ነው፣ ሊያጽናናቸው ብሎ "አይዞዎት አባት፣ ከተማ ሲያድግ ሁሉም ያድጋል" አላቸው።

"እድገት ምን ይከፋል?" አሉ አያ ደርበው። "ገብስም ያድጋል። ማጭዱ የሚመጣው ካደገ በኋላ ነው።"

ያቺን ድንጋይ ለመኑ፤ ተሰጠቻቸው። ማታ ተሸክመዋት ሄዱ። ምን ሊያደርጉባት ነው ብዬ ብዙ ቀን ቀለድኩ።

ቦታው የተሰጣቸው የሆቴሉ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ ነው። ከሆቴሉ ማዶ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ፍየል እንኳ አስባበት የምትቆምበት ዓይነት ቦታ ነው። ከነማስጠንቀቂያው ተሰጣቸው፤ በተባለው ጊዜ ውስጥ ቤት ካልቆመበት ይመለሳል። አያ ደርበው ግን እንደ ሙሽራ ሆኑ። እኔ ላየው ስሄድ ምን ባይ ጥሩ ነው? ምሰሶ የለ፣ ማገር የለ፣ ግድግዳ የለ፤ ባዶ ሜዳ ላይ የበር መቃን ብቻውን ቆሟል። ከበታቹ ያቺ ማረሻ የሰበረች ድንጋይ ደፍ ሆና ተጋድማለች።

"አያ!" አልኩ ሆዴን ይዤ። "ስንቱን ሕንፃ ሳቆም ኖሬ፣ ቤት ከበር ሲጀመር ገና ማየቴ ነው!"

"በር ካለ ሰው ይገባል" አሉኝ። "ሰው ከገባ ግድግዳው የት ይሄዳል?"

ደቦ ሊጠሩ ነው። ከወሩ ውስጥ ታቦት የሌለበትን ቀን መርጠው ሐሙስን ቆርጠዋል። እታለም ዘውዴ ጌሾ ወቅጣለች፤ ለአርባ ሰው ጠላ ልትጠምቅ ነው። ሰው ተራ ያለው ሁሉ እሺ ብሏል። አርባ ሰው ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ምሰሶውን ተክሎ፣ ማገሩን መትቶ፣ ጭቃውን መርጎ በአንድ ቀን ግድግዳ ያቆማል። ጣሪያው ከዚያ በኋላ በልጆቻቸው ነው።

"አንተ ቱምቢህን ብቻ ይዘህ ና" አሉኝ። ቱምቢ የኛ የግንበኞች ሚዛን ነው፤ ከክር ጫፍ የተንጠለጠለች ብረት፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የምትናገር። "ይሄን መቃን በዓይኔ ነው ያቆምሁት። ቀጥ ማለቱን እይልኝ። ሌላ አልፈልግብህም።"

"አያ ደርበው! የኔ ቱምቢ ያላየው ቤት ቤት ይባላል? ከዶሮ በፊት እዚህ ቆሜ ባላገኙኝ ጺሜን ላጩኝ!"

ረቡዕ ማምሻውን ኮንትራክተሩ ደወለ። የአራተኛው ፎቅ ሶሌታ ሐሙስ ይሞላል። ሶሌታ የፎቁ ወለል ነው፤ መሞላት ከተጀመረ አይቋረጥም። የኮንክሪቱ ማደባለቂያ ከይፋግ በኩል የሚመጣው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። አርባ ሰው ይፈለጋል፤ ክፍያውም እጥፍ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሰው ተራ ስደርስ ሰዉ ሁሉ ቆሟል፤ ዶማውንና አካፋውን ይዞ፣ ወደ አያ ደርበው ሊሄድ። እኔን ያልከበበኝ ያን ቀን ብቻ ነው። አንድ ብሎኬት ላይ ወጣሁና ተናገርኩ፦

"ጎበዝ! ደቦው ነገም ይደርሳል፤ ሶሌታ ግን አይጠብቅም! ክፍያው እጥፍ ነው!"

ማንም አልተነቃነቀም። እርስ በርስ ተያዩ። ትርንጎ ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ፤ ሦስት ልጆች አሏት፤ ከዚያ አካፋዋን ኢሱዙው ላይ ወረወረች። ከሷ በኋላ አንድ ባንድ። አርባ ሰው በሩብ ሰዓት ጫንኩ። ያኔ በዚህም ኮርቻለሁ፤ "ማን እንደኔ ሰው ያንቀሳቅሳል?" ብያለሁ።

ከአራተኛው ፎቅ ሁሉ ነገር ይታያል። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ቀና ብዬ ማዶ ተዳፋቱን አየሁ። መቃኑ ቆሟል። ከጎኑ በባዶ ሜዳ አርባ ሰው የሚቀመጥበት ሣር ተጎዝጉዟል፤ እንስራዎቹ በመስመር ተደርድረዋል። እታለም ዘውዴ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣለች። አያ ደርበው ብቻቸውን ይቆፍራሉ። የዘፈኑ ድምፅ አይሰማም፤ ሩቅ ስለሆነ ይሁን ስላልዘፈኑ አላውቅም። ኮንክሪቱ መጣና ዞርኩ።

በማግስቱ ሰው ተራ መጡ። "እንደምን አደራችሁ" አሉ እንደ ድሮው። ሰዉ መሬት መሬት አየ።

"አያ፣ ትናንት እኮ..." አልኩ።

"ገባኝ። ሶሌታ አይጠብቅም" አሉ። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም።

ሌላ ቀን ይጠሩናል ብለን ጠበቅን። አልጠሩም። ለሁለተኛ ጊዜ አርባ ሰው የሚያጠጣ ብቅል ከየት ይምጣ? ደሞስ በየትኛው ፊት? እኛም "መቼ ነው አያ?" አላልንም፤ ከጠየቅን ቀን ይቆርጡብናላ። ከዚያ ክረምቱ ገባ።

ያን ክረምት ከሆቴሉ ጓሮ የፍሳሽ ጉድጓድ ስናስቆፍር አየኋቸው። ዶማቸው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ሰማይ ያያሉ። አንድ ጊዜ መቱ፤ ደግሞ ቆሙ። ሄደው ውኃ ጠጡ። ሲመለሱ ከፊቴ ደረሱ።

"አየኸኝ ሞላ?" አሉ። "ተማርሁ።"

እኔ ምን አልኩ? "ጎበዝ አያ! አሁን ገና ከተሜ ሆኑ!" አልኩና ትከሻቸውን መታ አደረግኩ፤ ሰው ተራ እንደማደርገው። አካባቢው ያለ ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ወዲያው ሳል ጀመራቸው፤ ደረታቸውን ያዛቸው፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሄዱ።

ማረፋቸውን የሰማሁ ቀን ከፎቁ ወርጄ ስሮጥ የተከራዩበት ቤት ደጅ ጭቅጭቅ ነበር። አከራይቱ "ለድንኳን የሚበቃ ግቢ የለኝም፤ ሌላም ተከራይ አለኝ" ትላለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግቢዋ ጠባብ ነው። እታለም ዘውዴ አልተከራከረቻትም። "ድንኳኑን ቦታችን ላይ ትከሉልኝ" ብቻ አለች።

እንግዲህ ወሬው ሰው ተራ ደርሶ ነበር። አንድም ሰው ሳይጠራ አርባውም መጣ። ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ መቃብር ቆፈረ፤ ያንን ጭንጫ አፈር ለመቆፈር የፈጀው ጊዜ አንድ ዋንጫ ጠላ አያስጠጣም። ማንም ቀስ በሉ አላለም። ግማሹ ተዳፋቱን ደልድሎ ድንኳን ተከለ። በከተማው ሥራ ሁሉ ቆመ። የሆቴላችን የአምስተኛው ፎቅ ሶሌታ ያን ቀን ሊሞላ ነበር፤ ኮንትራክተሩ ደወለ፤ አላነሳሁም። በማግስቱ ተሞላ። ለካ ሶሌታ ይጠብቃል።

ሬሳቸውን ተሸክመን ወደ ቦታቸው ወሰድን። ተለቀሰ፤ ጸሎቱ ደረሰ። ሳጥኑን አንስተን በቀጥታ ወደ መንገዱ ልንወጣ ስንል እታለም ዘውዴ ከፊታችን ቆመች።

"በበሩ አውጡልኝ" አለች።

ቄሱ ዞር ዞር ብለው አዩ። "የቱ በር?"

"ይሄ። ቤታችን ነው።"

ሜዳው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በግራም በቀኝም መንገድ ነው። አርባ ሰው ከነሳጥኑ ዞረን፣ ሁለት ሁለት ሆነን፣ እግራችንን ያቺ ድንጋይ ላይ እያሳረፍን፣ ጎንበስ እያልን በዚያ ግድግዳ በሌለው በር ወጣን። ማንም በጎን አልዞረም። ከኋላዬ ትርንጎ ቀስ ብላ "ሞላ፣ ዛሬስ እንዴት ጊዜ አገኘን?" አለችኝ።

ሰልስት በወጣ ማግስት ጠዋት ቱምቢዬን ይዤ ሄድኩ። እታለም ዘውዴ ብቻዋን ደፏ ላይ ተቀምጣለች። ድንኳኑ ተነስቷል። ሰላም ብያት ቱምቢውን ከመቃኑ ላይ አንጠለጠልኩ። ብረቷ ተወዛወዘች፤ ቀስ አለች፤ ቆመች። በዚያም በዚህም በኩል ለካሁ። በዕድሜዬ ብዙ በር አቁሜአለሁ፤ ስለራሴ ማውራት እንደምወድም ነግሬአችኋለሁ። እንዲህ ቀጥ ያለ አላቆምኩም።

"ቀጥ ብሏል?" አለችኝ።

"ቀጥ ብሏል እታለም።"

በመቃኑ ውስጥ አሻግራ ባዶውን ሜዳ አየች፤ እሳቸው ብቻቸውን የቆፈሯቸው ሦስት ጉድጓዶች ክረምቱን ሙሉ ውኃ ሞልተዋል።

"ቤቱስ?" አለችኝ።